ሣጥኑ «ይቀበላል» ወይ?

ስለ ጨዋታ ታሪክ መጻፍ የሥራ ፈት ሥራ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። በታሪክ ክፍለ ጊዜያችን ጦርነት አለ፣ ውል አለ፣ አንዱ ንጉሥ ወርዶ ሌላው ይወጣል፤ ሕዝቡ ማታ ከሥራ ሲገባ ምን ይሰማ፣ ከማን ጋር ይሥቅ እንደ ነበር የሚጠይቅ ፈተና ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ይሁንና በየዶርሙና በየሻይ ቤቱ የሚያጨቃጭቀን ይኸው ጉዳይ ነው። አንዱ «ስልክ ጨዋታችንን ገደለው» ይላል። ሌላው «ድሮ ደግሞ ምን ጨዋታ ነበረና!» ብሎ ያላግጣል። አንዱ በድሮው ይምላል፣ ሌላው ይንቀዋል፤ ቁጭ ብሎ የመረመረው ግን የለም። እስቲ ጥያቄውን ከአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ሆነን እንየው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻዬ አንዲት ቃል ናት፤ «ተቀበል!» የምትለዋ። ጠጅ ቤት የገባ ሰው ታውቋታለች። ጠጪው ሞቅ ሲለው «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል። አዝማሪው መሲንቆውን እየሳበ ይቀበለዋል፣ ያሳምረዋል፣ አንዳንዴም አዙሮ ሰጪውን ራሱን ይወጋበታል። ቤቱ ይሥቃል። ገንዘቡም እዚያው፣ በዓይን እየታየ፣ ከሰሚው እጅ ወደ ዘፋኙ ያልፋል። ይህ የአዝማሪ ብቻ ጠባይ አይደለም። ተረት የሚያወራ ሰው «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስለት ካጣ አይቀጥልም። ድቤ ተመትቶ መንዙማ ሲባል አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። ጉራጌውና ስልጤው፣ ሸማኔው ዶርዜም ወደ ኮልፌ ሲመጣ ይዞት የመጣው ዘፈን ለብቻ የሚዘፈን ዓይነት አይደለም። ቋንቋው ይለያያል፤ በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። ሰሚ የሚባለው ሰው ዝም አይልም።

እንግዲህ ሣጥኑ የመጣው እንዲህ ባለው አገር ላይ ነው።

በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሥዕል በግድግዳ ሲራመድ ያየው ሕዝብ ሲኒማውን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህንን ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ እናወራዋለን፤ አባቶቻችን አላዋቂ ነበሩ ለማለት ይመስላል። እኔ ግን ስሙ እውነት የለውም አልልም። የሚናገሩለትን የማይሰማ፣ ቢሰድቡት የማይቆጣ፣ ቢያሞግሱት የማይሸለም ሰው መሳይ ነገር ሲገጥምህ ምን ትለዋለህ? ከሸክላው ታሪክ ደግሞ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። በ1901 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን አገር፣ በርሊን ድምፃቸው በሸክላ የተቀረጸላቸው ተሰማ እሸቴ (ኋላ ነጋድራስ) ናቸው። ተሰማ ደግሞ በቅጽበት በሚፈልቅ ግጥም የታወቁ ሰው ናቸው። ማሽኑ መጀመሪያ ይዞ ያስቀረው በያለበት አዲስ ስንኝ የሚሰጠውን ሰው ነው ማለት ነው! ሸክላው ድምፃቸውን አተረፈልን፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን እንሰማቸዋለን። ያለ ሸክላ ይህ አይገኝም ነበር። ግን «ተቀበሉ» ብንላቸው አይቀበሉንም።

ሬድዮን በአጭሩ ልለፈው። ጣቢያው በ1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ወዲያው ጠላት ገባ፤ ከነፃነት በኋላ ደግሞ በየአደባባዩ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ለሕዝብ ይሰማ ነበር። ሬድዮ ወደ ሠራተኛው ቤት የገባው ትራንዚስተር የሚሉት ትንሹ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሲመጣ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ሬድዮን ከሁሉ ማሽን አብልጬ የምወደው አንድ ምክንያት አለኝ፦ እጅና ዓይን አይጠይቅም። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ እግሩ ይረግጣል፣ እጁ ይወረውራል፤ ጆሮው ብቻ ነው ሥራ ፈት። አጠና ተራ ላይ ባሕር ዛፍ የሚከምረው ወዛደርም እንደዚያው። ከመሥራት ሳይለይ የሚያጫውት ዕቃ ስንት አለ?

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተከፈተ። ያኔ ኮልፌ የከተማው ጫፍ ነው፤ ቀራንዮ በኩል ገና ገጠር ነበር። ስለዚህ ለብዙው ነዋሪ ቴሌቪዥን ማለት ለረዥም ጊዜ የጎረቤት ቴሌቪዥን ማለት ሆኖ ቆየ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብን፤ ጨዋታችን የሞተው በቴሌቪዥን ነው የሚሉ ሰዎች የሚዘሉት ይህን ክፍል ነውና። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ይኖራል። ሕፃናቱ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ወለል ላይ ይደረደራሉ፤ ባለቤቲቱ ቸር ከሆኑ በነፃ፣ ካልሆኑ በአሥር ሳንቲም። እሑድ አባባ ተስፋዬ ብቅ ይላሉ። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ የቲያትር ሰው ናቸው፤ በምድጃ ዳር ይነገር የነበረውን ተረት ወደ ስቱዲዮ ወስደው ከአርባ ዓመት በላይ ለሕፃናት ተርከዋል፤ በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ስቱዲዮው ውስጥ ልጆች አስቀምጠው ነበር የሚያወሩት። እነዚያ ሲመልሱ ኮልፌ ወለል ላይ የተቀመጠውም ልጅ አብሮ ጮኾ ይመልሳል። ሣጥኑ እንደማይሰማው ያውቃል፤ ከጎኑ ያለው ልጅ ግን ይሰማዋል። ቴሌቪዥኑ አልተቀበለም፤ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ተቀበለለት። እስከዚህ ድረስ ጨዋታው ምን ጎደለበት?

አሁን ወደ ካሴት ልምጣ፤ ትልቁ ነገር ያለው እሱ ላይ ነው። ሸክላ ማሳተም በሕግ ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያንን ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያውም የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነው። ዛሬ በዓለም የሚደነቀው «የድሮ ሙዚቃችን» ብዙው የእነዚያ ጥቂት ዓመታት ፍሬ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሸክላም፣ ማጫወቻውም፣ ያንን ሙዚቃ የሚጫወቱት የምሽት ክበቦችም ለኮልፌ ድሃ ሩቅ ነበሩ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የዘመኑ ሌሊት ተቆለፈ። አምኃም አገር ለቀቀ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሸክላ መታተሙ አበቃና ቦታውን ካሴት ወረሰ።

ካሴት ከሸክላ ድምፁ ያንሳል፤ ይህ የማያከራክር ነው። ይበጠሳል፣ ይጠመጠማል፤ በእርሳስ እያሾሩ ማስተካከል ነው። ታዲያ በዚያ በተዘጋ ሌሊት ሰውን ያጫወተ እሱ ነው። ደጅ መውጣት ሲከለከል ሙዚቃው ቤት ገባ። ደግሞ ከዚያ በፊት ምንም ማሽን ያላደረገውን አደረገ፦ ቀይ ቁልፉን ከተጫኑት ይሰማል! በካሴቱ ጀርባ ያለው ቀዳዳ በወረቀት ይወተፍና የተዘፈነበት ላይ የራስን ድምፅ መቅዳት ነው። ስንት እናት ሱዳንና አሜሪካ ለተሰደደ ልጇ ደብዳቤዋን በካሴት ልካለች! መጻፍ የማትችል ሴት ያለ ጸሐፊ፣ ያለ ጎረቤት ልጅ፣ ምስጢሯን በራሷ አንደበት ላከች። ልጁም ሰምቶ በዚያው ካሴት ላይ መልሱን ቀድቶ ይመልሳል። መንዙማውም ከሐድራው ወጥቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ በካሴት ይሸጥ ጀመር። ሣጥኑ በኛ አገር «መቀበል» የጀመረው ያኔ ነው ብል አላጋነንኩም።

ግን ዋጋ ነበረው። አንድ ካሴት አሥር ሆኖ ይገለበጣል፤ ዘፋኙ ከአሥሩ የሚያገኘው የአንዱን ነው። ጠጅ ቤት ውስጥ በዓይን ይታይ የነበረው ገንዘብ መንገድ ላይ ጠፋ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 እስኪወጣ 1996 ዓ.ም. ደረሰ፤ አዋጁ ሲደርስ ካሴቱ ራሱ ሊሞት ጥቂት ነበር የቀረው። ሕጋችን እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ ለቀብር ይደርሳል።

እስካሁን የተናገርኩትን ያነበበ ሰው፣ ደራሲው የጠጅ ቤት ናፋቂ ነው ሊለኝ ይችላል። አይደለሁም። ያ ሁሉ «ተቀበል» የማን ነበር? ጠጅ ቤት ገብታ ስንኝ የምትሰጥ የቤት እመቤት ማን አየ? በጨዋ ሴት ወግ ነውር ነው። እሷ ጓዳ ናት፤ ለሚጫወቱት ወጥ ትሠራለች። አዝማሪውስ? ሲዘፍን ይሸለማል፣ ሲወጣ ይናቃል፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ነበር፤ ልጁን ሊድርለት የሚወድ ጥቂት ነው። ሬድዮና ካሴት ለሴቲቱ ቤቷ ድረስ ጨዋታ አመጡላት። አዝማሪ ይባል የነበረውን ደግሞ «አርቲስት» አሰኙት። በዚህ በኩል ማሽኑ ከወጋችን ይልቅ ሰው አክብሯል። ድሮ ጥሩ ነበር የሚል ሰው መጀመሪያ ድሮ እሱ የት ተቀምጦ እንደ ነበር ይንገረን።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ቶሎ ቶሎ የሚሄድ ነው፤ አብዛኞቻችንም ያየነው ነው። ቪዲዮ ቤት መጣ፤ መጋረጃ የተከለለበት፣ በአግዳሚ ወንበር የተሞላ፣ የሕንድና የካራቴ ፊልም የሚታይበት። ፊልሙን አስቀድሞ ያየ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም፤ ቋንቋውን ሳይሰማ «አሁን ይገድለዋል!» እያለ ይተረጉማል፤ ሌላው «ዝም በል!» ይለዋል፤ ሦስተኛው በሁለቱ ይሥቃል። ከዚያ የዲኤስቲቪ ቤት፤ አርሴናልና ማንቼ፤ ዳኛው ሎንዶን ነው፣ ስድቡ አጠና ተራ። እነዚህን ቤቶች ወላጆቻችን የዱርዬ መዋያ ይሏቸው ነበር፤ ጫትና ትምህርት የሚቀር ልጅ እንዳለባቸውም አልክድም። ሆኖም የጠጅ ቤቱ ወግ በሕይወት የተረፈው እዚያ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሲመጣ ደግሞ የኪነ ጥበብ ሰዎች ባህላችን ጠፋ ብለው ጮኹ። የቱርኩ ድራማ ጎረቤት ከጎረቤት ሲያወያይ ያየ ሰው ጩኸቱ ስለ ባህል ነው ስለ እንጀራ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለ እንጀራም ከሆነ መብታቸው ነው፤ ግን በስሙ ይጠራ።

የኔ ሐሳብ እንግዲህ ይኼ ነው። እኛን የለያየን ማሽን መምጣቱ አይደለም፤ መርከሱ ነው። ብርቅ በነበረ ጊዜ ሣጥኑ ሰብሳቢ ነበር፤ ድህነታችን አስገድዶ ጎን ለጎን አስቀመጠን። ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም ሄዳችሁ ቀና በሉ፤ በየበረንዳው አንድ ዲሽ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከጎረቤት ያለው ሣቅ ይሰማል፤ በምን እንደሚሥቅ ግን አታውቁም። በየኪሳችን ያለው ስልክ ሲመጣ ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ አራት ሰው አራት ዓይነት ይሥቃል። እርግጥ ስልኩ ይቀበላል፤ አስተያየት ይጻፍበታል፣ ዘፈን ይለቀቅበታል፣ የኮልፌ ልጅ ያለ ሸክላ ነጋዴና ያለ ካሴት ቤት ድምፁን ለዓለም ያሰማበታል፤ ይህ አምኃ እሸቴ ሕግ ጥሶ ያገኘው ነፃነት ነው፣ ዛሬ በነፃ ተሰጥቶናል። ግን አዝማሪ ስንኝ ሲቀበል ዓይን ዓይንህን ያያል፤ ቢወጋህም አብረህ ሥቀህ ትገባለህ። በስልክ የሚወጋህ ሰው ፊትህ ሲጠቁር አያይም። የዛሬው ስድብ መረን የለቀቀው ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ የቀረ ቦታ አለ፤ ሠርግ። ኮልፌ ውስጥ ዛሬ ድንኳን ሲጣል አብሮ ዲጄ ይቀጠራል፤ ድምፅ ማጉያው የሰፈሩን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጣል። ሙሽራው በር ላይ ሲደርስ ግን ዲጄው ያለማንም ትእዛዝ ድምፁን ይቀንሳል። ከወይዘሮዎቹ አንዷ ከበሮውን ወደ ብብታቸው ያስጠጉና ያወጣሉ። ዕድሜያቸው የገፋው ይቀበላሉ። እኛ ተማሪዎቹ አዝማቹን በአፍ ጉምጉም እያልን ስልካችንን ከፍ አድርገን እንቀርጻለን። ሦስት አራት ዙር እንደሄደ የሚቀበለው ሰው ይሳሳል፤ ዲጄውም ትንሽ ጠብቆ ድምፁን መልሶ ይለቀዋል።