ነፋሱ የእኛ፣ ወደቡ የጎረቤት

በአዲስ አበባ ፒያሳ አጠገብ በነበረው አትክልት ተራ ቀኑን የሚወስነው ሌሊቱ ነበር። ከመቂና ከዝዋይ ቲማቲም ጭኖ የመጣ አይሱዙ ጎህ ሳይቀድ ማራገፍ አለበት። ጫኝና አውራጁ ከዘገየ በእንጨት ሳጥን የተደረደረው ቲማቲም ከታች እየፈረጠ ጭማቂው በመኪናው ወለል ላይ ይወርዳል። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲዛወር፣ አብሮ የተዛወረው የከተማዋ ትልቅ ማራገፊያ ነው።

የነፋስ ኃይል ታሪካችንም የሚጀምረው ከማራገፊያ ነው። አዳማ አንድ የተባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2004 ዓ.ም በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት ይዞ ተጠናቀቀ። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ በጥቅምት 2006 ዓ.ም በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ በግንቦት 2007 ዓ.ም በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት ይዘው ተመረቁ። በድምሩ 220 ተርባይኖች ናቸው፤ በባሕር መጥተው ጅቡቲ ላይ ተራገፉ። የአዳማ አንድ አንዱ ክንፍ 37 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አምስት አይሱዙ ተከታትለው ቢቆሙ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ጭነት በየኩርባው እየተጠነቀቁ ደጋ ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ጅቡቲ ከእኛ ጋር የተሳሰረችው ቀድሞ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ከዚያ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። በኋላ ዋናው በራችን አሰብ ሆነ፤ በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ጭነታችን ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ተርባይኖቹ ሲታዘዙ ዋናው በራችን እሷ ነበረች።

ተርባይን ባሕር ውስጥ የሚተክሉ አገሮች የማራገፊያን ዋጋ ከሁሉ በላይ ያውቃሉ። ዴንማርክ በ1991 እ.ኤ.አ. ቪንደቢ በተባለ ስፍራ 11 ተርባይኖች ባሕር ውስጥ ተከለች፤ በዓለም የመጀመሪያው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሆርንስ ሬቭ ለተባለው ሌላው የባሕር ማመንጫዋ 80 ተርባይኖች የተጫኑት ከኤስቢየር ወደብ ነበር። ኤስቢየር የዓሣ አጥማጆች ወደብ ነበረች፤ ዛሬ የምትታወቀው በነፋስ ነው። እንዲህ ያለ ወደብ ክንፍና ምሰሶ የሚደረደርበት ሰፊ ሜዳ፣ ከባድ ክሬን ሲቆምበት የማይሰምጥ መሬት፣ ቆሞ የተገጣጠመ ምሰሶ ሳይነካ የሚያልፍበት ክፍት ሰማይ ይፈልጋል።

ጅቡቲም በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በጉቤት 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 17 ተርባይኖችን አስመርቃለች። የእኛው አይሻም ነፋሻ ነው፤ ከጅቡቲ ድንበር ብዙም አይርቅም።

ነፋሱን የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ ማራገፊያውን ግን ማዘጋጀት ያለብን እኛ ነን። የሚቀጥለውን የነፋስ ኃይል የምታቅዱ ሁሉ፣ ተርባይን ከማዘዛችሁ በፊት ወደቡን፣ ኩርባውን፣ ድልድዩንና ክሬኑን ቁጠሩ። ክሬን የሚያንቀሳቅሱና ከባድ ጭነት የሚያወርዱ ልጆቻችንንም ከወዲሁ አሠልጥኑ።