ከፎርማት የተረፈ ፊደል

ሽንዲ ውስጥ «አዲሱን ዊንዶውስ ጫኑልኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ እምብዛም አልነበረም። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ወይም ፍላሽ ያመጣው ቫይረስ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት ሲያደርገው «ፎርማት አድርጉልኝ» ነው የሚባለው። ሲዲ ይገባል፣ ሁሉም ነገር ይጠረጋል፣ በዚያው አጋጣሚ ዊንዶውሱም ያድጋል። ባለቤቱ የሚጠይቀው መፍጠኑን ነው። እኔ ግን እንጀራዬ ጽሕፈት ስለሆነ መጀመሪያ የማየው ሌላ ነበር፦ አማርኛው አለ ወይስ የለም?

ይህ ጥያቄ በታይፕ ዘመን አልነበረም። በኦሊቬቲ ማመልከቻ ሲጻፍ ሪባኑ ይደርቅ ይሆናል እንጂ ፊደሉ በብረት ላይ የተቀረጸ ነውና የትም አይሄድም። ከሥሩ ካርቦን ከገባ ደግሞ ግልባጩ ዓመታት አልፈውም ይነበባል። ፊደላችን መጥፋት የጀመረው ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ወዲህ ነው።

የገባበት መንገድ ጠባብ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ በእኛ አቆጣጠር፣ አሜሪካ የነበሩት እንደ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች አማርኛን በኮምፒውተር ለመጻፍ ሲደክሙ፣ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ እዚያ ተጨናንቆ እንኳ አይገባም። መፍትሔው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን መልክ መሳል ሆነ። በኋላ አገር ምድሩን ያዳረሱት እነ ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞው ፓወር ግዕዝም የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ «ሰላም» አስመስሎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከተነሣ የሚቀረው ትርጉም የሌለው የላቲን ዝርዝር ይሆናል።

እንግዲህ ፎርማት የሚያደርሰውን ጉዳት አስቡት። የዊንዶውስ ኤክስፒ ሲዲ ሲገባ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፣ የሲ ክፍል ይሰረዛል፣ ከዚያ በግራ በኩል 39 ደቂቃ ቀርቷል የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ ቀጥሎም ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር ያለው ቁልፍ ይሞላል። በመሀል መብራት ከሄደ ብዙ ጊዜ ሥራው እንደ አዲስ ነው። ብልህ ባለሙያ ሰነዱን አስቀድሞ ወደ ዲ ያዛውራል። ፎንቶቹ ግን የሚቀመጡት ሲ ላይ፣ ዊንዶውስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ዲ ላይ ይተርፋል፣ ፊደሉ ሲ ላይ ይሞታል።

አንድ የእድር ሊቀመንበር ፍላሽ ይዘው መጥተው «ኧረ አንች ልጅ፣ ደንባችን ፈረንጅ ሆኗል!» ያሉኝ በዚህ ምክንያት ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ከነአንቀጹ አለ፤ የገንዘብ ቅጣቱ፣ የቀብር ሥርዓቱ፣ የአባላቱ ስም ሁሉ በላቲን ተሰባጥሮ ተቀምጧል። ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ፎንት ብቻ የያዘውን ፍላሽ አውጥቼ ፎንቱን ጫንሁና ደንቡ ወደ አማርኛው ተመለሰ። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና የመጀመሪያውን አንቀጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ፍላሽ ነበረው።

ዘላቂው መፍትሔ የመጣው ከሩቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. መባቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የራሱ ቁጥር አለው፤ የማንም ቦታ ላይ አይቀመጥም። በ1994 የወጣው ኤክስፒ ግን የግዕዝ ፎንት ይዞ ስላልመጣ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ እዚያ ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ብቻ ነበር የሚታየው። ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው በጥር 1999 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ነው።

ሽንዲ ግን ቪስታን አላየችውም ማለት ይቻላል። ቪስታ ቢያንስ 512 ሜጋባይት ራም ይፈልጋል፣ እንደ ልብ ለመሥራት ደግሞ 1 ጊጋ። እኛ ዘንድ የነበሩት ማሽኖች 128 ወይም 256 ሜጋባይት የያዙ፣ ከሌላ ቦታ ያገለገሉ ነበሩ። ስለዚህ ከኤክስፒ ዘለን በ2002 የወጣው ዊንዶውስ 7 ላይ አረፍን፣ ያውም አሮጌው ማሽን እየሞተ በሌላ ሲተካ። ፊደላችን ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ተጭኖ ያየሁት ያኔ ነው። በዊንዶውስ 10 ኒያላ ተጨማሪ ፎንት ተደርጎ ሲወጣና ኤብሪማ ሲተካው እንኳ በዩኒኮድ የተጻፈ አንድም ሰነድ አልተበላሸም፤ የፎንቱ መልክ ቢለወጥም የፊደሉ ቁጥር ያው ነውና።

የቀድሞው ጽሑፍ ግን ዛሬም በየኮምፒውተሩ አለ፦ የእድር ደንብ፣ የመሬት ኪራይ ውል፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የበርበሬ ነጋዴ ሒሳብ። ሌላ የፎርማት ወረርሽኝም ደርሷል። ለዊንዶውስ 10 የሚደረገው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 4 ጊጋ ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ማሽን አይቀበለውም። አንዱ ፎርማት ያደርጋል፣ ሌላው አዲስ ይገዛል፤ በሁለቱም መንገድ የድሮው ፎንት ይቀራል።

ስለዚህ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የድሮ ሰነዳችሁን ክፈቱና አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው፣ አትስጉ። ላቲን ሆኖ ከመጣ የፎንቱን ስም መቀየር ብቻ አያድነውም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሩት፣ ካልሆነም የድሮው ፎንት ሳይጠፋ በወረቀት አትማችሁ እንደገና አስጽፉት። ፎርማቱ አንድ ቀን ቢዘገይ የሚጎዳችሁ ነገር የለም።