በትእዛዝ የሮጠ ትውልድ ለምን ተቀመጠ?

ኢትዮጵያን በዓለም ካስጠሯት ነገሮች አንዱ ሩጫ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግቢ ስንገባ ግን ከዶርም ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ክፍል ከመመላለስ ያለፈ እንቅስቃሴ የማያደርግ ተማሪ ሞልቶ እናገኛለን። ምክንያቱን ጠይቁት፤ «ሜዳ የለም፣ ጊዜ የለም» ይላችኋል።

የሜዳው ምክንያት ሐዋሳ ላይ ብዙ አያስኬድም። ከተማዋ ራሷ ሜዳ ናት። የሐይቁ ዳርቻ ለእግር ጉዞ የተመቸ ነው፤ ታቦር ተራራም እዚያው አጠገቧ ቆሟል። እዚህ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ የቀረ ተማሪ ካለ፣ የያዘው ነገር በአብዛኛው ያለው አእምሮው ውስጥ ነው። ይህ አእምሮ ውስጥ ያለ ማሰሪያ ደግሞ ታሪክ አለው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ከዘመናዊ ትምህርት በፊት ሰውነትን ማንቀሳቀስ የሥራ፣ የጨዋታና የበዓል ጉዳይ ነበር። በሰሜኑ ገናና ጉግስ ነበሩ። በሲዳማ ምድር በፊቼ ጨምበላላ ሽማግሌውም ወጣቱም ወጥቶ ቄጣላ ይጨፍራል፤ የሐዋሳው ጉዱማሌ ዛሬም ይህን ያስተናግዳል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እዚያ መሐል «እኔ እኮ ለዚህ አልተፈጠርኩም» የሚል ሰው አይገኝም። ሰዓት የሚይዝም፣ ማርክ የሚሰጥም የለም።

ዘመናዊው ስፖርት ግን በዋናነት በሁለት በር ገባ ማለት ይቻላል፦ በወታደር ቤትና በሜዳሊያ። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 መጥቶ የክብር ዘበኛ እጩ መኮንኖችን አሠለጠነ። በእርሱ እጅ ያለፈው የክብር ዘበኛ ወታደር አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ሐዋሳ የተቆረቆረችውም በዚያው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩበት።

የአበበ ድል ኩራት አወረሰን። ከኩራቱ ጋር ግን አንድ ሐሳብ ተከትሎ መጣ፦ ሩጫ የወታደርና የተመረጡ ሰዎች ሥራ ነው፤ የተማሪ ሥራ መጽሐፍ ላይ መቀመጥ ነው።

ደርግ ሲመጣ ትእዛዙ በረታ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረና 60 ሺህ ያህል ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ዘመተ። ወዶ የሄደ ነበር፤ ተገዶ የሄደም ነበር። የዛሬው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የእርሻ ኮሌጅ የተከፈተው በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በሥርዓቱ ማብቂያ፣ በ1983 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ደቡብ፣ ወደ ብላቴ ተላኩ። ለእነዚያ ተማሪዎች «ተሰለፍ፣ ሩጥ» ማለት የሌላ ሰው ፈቃድ ማለት ነበር።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ስለዚህ የሚሉት አላቸው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ ያብራሩት ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው በአንድ ነገር የሚጸናው ራሱ ሲመርጠው፣ እንደሚችለው ሲሰማውና ከሌሎች ጋር ሲያስተሳስረው ነው። በግዳጅ የተሠራ ነገር አስገዳጁ ዞር ሲል ይቆማል። የእኛም እንዲሁ ሆነ። ትእዛዙ ሲቀር በቦታው ፍቅር አልተተከለም።

ሁለተኛው ችግር «እችላለሁ» የሚለው እምነት ነው። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ይህ እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚቀዳ ጻፈ፦ ራስ ሞክሮ ከማግኘት፣ ሌላ ሰው ሲሠራው ከማየት፣ ከሚያበረታታ ቃልና ከራስ ሰውነት ስሜት። ሁለተኛው ምንጭ ይበልጥ የሚሠራው የምናየው ሰው እኛን ሲመስል ነው። ኃይሌና ደራርቱ ያኮሩናል፤ ነገር ግን ሁለት ፎቅ ወጥታ ትንፋሽ የሚያጥራት የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ራሷን በደራርቱ ውስጥ አታይም። ልቧን የሚያነሳሳው የዶርም ጓደኛዋ ስትሮጥ ማየት ነው። አርአያው ሲርቅ ያስጨበጭባል እንጂ ከመቀመጫ አያስነሳም።

ሦስተኛው ዓይን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስለዋል። ለሴት ተማሪ ደግሞ መምሰል ብቻ አይደለም፤ ልብሷ ይታያል፣ ይወራባታል፣ ይለከፍባታል። ሲመሽ የደኅንነቷም ነገር አለ። ይህንን «ስንፍና» ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

አራተኛው ጭንቀት ነው። ፈተና ሲደርስ ተማሪው መጀመሪያ የሚሰርዘው እንቅስቃሴን ነው፤ ጭንቀትን ከሚያቀልሉት ነገሮች አንዱ ግን እሱው ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ነገር የአእምሮ አይደለም። የካፌ ምግብ ያልበቃውን ተማሪ «ሩጥ» ማለት ቀልድ ነው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ትንሹ መጠን በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ለአምስት ቀን። ይህ ሜዳሊያ አይጠይቅም።

ሐዋሳ ይህን በራሷ መንገድ ታውቀው ነበር። ሜዳማዋ ከተማ በብስክሌት ትታወቃለች፤ ብስክሌት የሚጋልበው ሰው «ስፖርት እየሠራሁ ነው» አይልም፣ ጉዳዩ ጋ እየሄደ ነው። ባጃጅ ሲበዛ ያ ልማድ ቦታ ጠበበው። ሳናውቀው የነበረንን እንቅስቃሴ ሳናውቀው ሸጥነው።

ደስታን ይዞ የመጣ ነገርም አይተናል። በ1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀመር 10 ሺህ ሰው አዲስ አበባ ላይ ወጣ፤ አብዛኛው ለማሸነፍ አልመጣም። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር አስፋልቱ ለእግረኛ ተለቀቀ፤ ሕፃንም አዛውንትም ወጣ። ማንም አላስገደደም። እነዚህ ከወታደር ቤት ይልቅ ለጉዱማሌ ይቀርባሉ።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምለው ይህ ነው። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ የአካል ብቃት ኮርስም አብሮ ተካቷል። መልካም ዕድል ነው፤ ግን ተማሪውን ከፈጣኑ ጓደኛው ጋር እያወዳደርን ካሸማቀቅነው የድሮውን ትእዛዝ በአዲስ ስም መለስነው ማለት ነው። ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ከነበረበት ከራሱ ጋር ይወዳደር። ሜዳው ለቡድን ተጫዋቾች ብቻ አይሁን፤ ለጀማሪም ሰዓት ይኑረው። ሴቶች ሳይሳቀቁ የሚወጡበት ሰዓትና መብራት ይኑር። ብስክሌት ግቢ ውስጥ መቆሚያና መንገድ ያግኝ።

ለተማሪዎች ደግሞ፦ ብቻችሁን አትጀምሩ። አንድ ጓደኛ ያዙና ወደ ሐይቁ ተራመዱ፤ እያወራችሁ ሂዱ፣ እየሳቃችሁ ተመለሱ። የዩኒቨርሲቲ ልማድ ወደ ቢሮ ወንበር ይከተላል፤ ዛሬ የተቀመጠ ትውልድ ነገ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ይዞ እንዳይሰለፍ።