በጀሪካን ውስጥ የሚፈጠር ዝልግልግ ሽፋንና የጤና ጉዳቱ

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በአካባቢያቸው በርካታ ቤተሰቦች የመጠጥ ውሃ የሚያጠራቅሙት በጀሪካን ነው። ከቧንቧ ንጹህ ሆኖ የተቀዳ ውሃም ጀሪካኑ ካልታጠበ እያደር ሊበከል ይችላል።

ሽፋኑ እንዴት ይፈጠራል? ባክቴሪያዎች ፀጉር በሚመስሉ ቀጫጭን አካላቸው በጀሪካኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይራባሉ፤ ዝልግልግ ንጥረ ነገር በማመንጨትም ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ይህ ሽፋን ባዮፊልም ይባላል። በሽፋኑ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፉት ይልቅ ክሎሪንን ይቋቋማሉ። ስለሆነም ጀሪካኑ ሳይታጠብ ውሃውን ማከም ብቻውን በቂ አይደለም።

በሰውነት ውስጥስ? የኮሌራ ባክቴሪያ በተመሳሳይ መንገድ በትንሹ አንጀት ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ መርዝ ያመነጫል፤ አጣዳፊ ተቅማጥም ያስከትላል።

ምን መደረግ አለበት?
• ጀሪካኑን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠብ፤ አፉ ጠባብ ከሆነ ሳሙና፣ ውሃና ጥቂት ንጹህ ጠጠር ጨምሮ በኃይል መነቅነቅ፣ ከዚያም በሚገባ ማለቅለቅ፤
• ውሃውን በማከሚያ ክሎሪን፣ በመለያው ላይ በተገለጸው መጠን አክሞ 30 ደቂቃ መጠበቅ፤
• ጀሪካኑን ዘወትር መክደን።

አጣዳፊ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) እየጠጣ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ለተጨማሪ መረጃ በነጻ የስልክ መስመር 952 መደወል ይቻላል።