አጥሩና ባለቤቱ

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይላል ያገራችን ሰው። የሸማቾች ሕግ አጥር ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሸማቹ። ባለቤቱ መብቱን ካላወቀ አጥሩ ብቻውን አያስጥልም። የአሜሪካ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለኮንግረስ በላኩት መልእክት የሸማቹን አራት መብቶች ዘረዘሩ፤ ደኅንነት፣ መረጃ ማግኘት፣ መምረጥና መደመጥ። ኮሚሽኑ ግን አንቀላፍቶ ነበር።

የቀሰቀሱት የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ የሆኑት የሕግ ባለሙያው ራልፍ ኔደር ናቸው። በ1965 የመኪኖችን አደገኛነት የሚያጋልጥ መጽሐፍ ሲያሳትሙ ጄኔራል ሞተርስ የግል መርማሪ አሰማራባቸው፤ በ1966 የኩባንያው ፕሬዚዳንት በሴኔት ፊት ይቅርታ ጠየቁ። በ1968 ክረምት ኔደር ሰባት ወጣቶችን፣ በአብዛኛው የሕግ ተማሪዎችን፣ ኮሚሽኑን እንዲመረምሩ አሰማሩ። ወጣቶቹ በ1969 ያወጡት ዘገባ የመሥሪያ ቤቱን ስንፍና አጋለጠ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን የጠበቆች ማኅበር እንዲያጣራ ጠየቁ፤ ማኅበሩም ትችቱን አረጋገጠ። ኮሚሽኑም እንደገና ተደራጀ።

በአገራችንስ? በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 685 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደነገገ። በ2006 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ። ለመሆኑ መርካቶ ወርዶ ይህን ለእናቶቻችን ያስረዳ ስንቱ ነው?

ወገኖቼ፣ አዋጅ ማውጣት የመንግሥት ሥራ ነው። አዋጁን አንብቦ ለጎረቤቱ የሚያስረዳ፣ ባለሥልጣኑንም የሚጠይቅ ወጣት ማሠልጠን ግን የተማርን ሰዎች ዕዳ ነው። ለዚያ ሥራ ሰባት ሰው በቅቶ ነበር።

ቸር ይግጠመን።