ጎደሎዋ ቁጥር

በቦስተን ከተማ የነበረው የጎዲ ማስቲካ ኩባንያ በ1933 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከማስቲካ ጋር እየጠቀለለ በአንድ ሳንቲም የሸጣቸው፥ የቤዝቦል ተጫዋቾች ሥዕል ያለባቸው ካርዶች እስከ 240 ድረስ ቁጥር የተሰጣቸው ሲሆኑ፥ ሳንቲሙን እየቆጠበ፥ ማስቲካውን እያኘከ፥ ካርዱን በየቁጥሩ እየደረደረ ወራት ያሳለፈ የአሜሪካ ልጅ ሁሉ ከ105 አልፎ ወደ 107 ሲሻገር በመካከል አንዲት ባዶ ቦታ ትቀርበት ነበር፤ ቁጥር 106 በዚያ ዓመት ፈጽሞ አልታተመችምና። ልጁ ግን ይህን ስለማያውቅ ዕድሉ የጠመመበት መስሎት ሌላ ማስቲካ ይገዛል። ኩባንያው ቁጥሯን የዘለላት ሆን ብሎ ገበያውን ለማስረዘም ነው ተብሎ የሚታመነውም ስለዚህ ነው። የአቤቱታ ደብዳቤ ቢበዛበት ጊዜ በ1934 ዓ.ም. ከጨዋታ ከተሰናበተ ብዙ ዘመን የሆነውን የናፖሊዮን ላጆይን ሥዕል በቁጥር 106 አሳትሞ፥ ለጻፉለት ሰዎች ከደብዳቤ ጋር በአግራፍ አያይዞ በፖስታ ላከላቸው። ዛሬ ከተረፉት ጥቂቶች መካከል በብዙዎቹ ላይ የአግራፉ ጠባሳ ይታያል፤ በእኔ አስተያየት ግን ያ ጠባሳ ነውሯ አይደለም፥ የልደት ምስክሯ ነው።

ነገሩን ከሩቅ የሚሰማ ሰው የካርድ ዋጋ የተጫዋቹን ዝና ብቻ ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ ይመስለዋል። ዝነኛውን ብቻ መርጦ ለሚገዛው ሰው ይህ ሐሰት አይደለም። ምልዓትን ለሚሻው ሰብሳቢ፥ ማለት ከፊተኛው ቁጥር እስከ ኋለኛው አንዲት ሳያጎድል ተርታውን ሊሞላ ለተሳለው ሰው ግን፥ ስመ ጥሩውም ስመ ጥፉውም እኩል አንዳንድ ቦታ የያዙ ናቸውና ዋጋ ቆራጩ የጎደለው ቦታ ነው። በልጅነቱ ቴምብር በደብተር ላይ የለጠፈ አንባቢ ይህን ያለ ሐተታ ያውቀዋል፤ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዲቱን ፍለጋ እንደ ወጣው የወንጌል እረኛ፥ ዓይኑ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ባዶዋ ስፍራ ነበር።

ከማስቲካው አስቀድሞ ሲጋራ ነበረ። የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ፥ ንግዱን በአንድ እጅ ጠቅልሎ ይዟል ተብሎ በ1911 ዓ.ም. በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ እስኪበተን ድረስ፥ ከ1909 ጀምሮ በ16 ዓይነት የሲጋራ ፓኮዎች ውስጥ እየከተተ ያወጣቸው፥ ሰብሳቢዎች ዛሬ «ቲ 206» በሚል የመዝገብ ስም የሚጠሯቸው ካርዶች 524 ናቸው ይባላል። በላያቸው ቁጥር ስላልታተመባቸው ምን እንደ ጎደለ ማወቁ ራሱ ምርምር የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ኖረ፥ ተርታውን «ጭራቁ» ብለው ሰየሙት። ከእነዚህ አንዷ የፒትስበርጉ የሆነስ ዋግነር ካርድ ናት። ተጫዋቹ ሥዕሉ እንዳይወጣ የከለከለው ልጆች በእርሱ ሰበብ ሲጋራ እንዳይገዙ አስቦ ነው የሚሉ አሉ፤ ገንዘብ ስላልተከፈለው ነው የሚሉም አሉ። ብቻ ማተሙ ቶሎ ቆመና ዛሬ የታወቁት ከ60 እምብዛም አይበልጡም፤ በ2022 ዓ.ም. አንዷ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ከዋግነር ጋር የኤዲ ፕላንክ ካርድና በአታሚ ስሕተት የወጡ ሁለት ካርዶች (በአንዱ የማጊ ስም ተሳስቶ ተጽፏል፥ በሌላው ዶይል ከሌላ ማኅበር ጋር ተመዝግቧል) አቅም የማይደርስባቸው ስለ ሆኑ፥ 520 ያገኘ ሰብሳቢ «ሞላልኝ» ቢል ባልንጀሮቹ አይከራከሩትም። ሥርዓተ ልማድ ለድኻ ያዝናል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የብርቅነት ምሥጢር ገሃድ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። የብሩክሊኑ የቶፕስ ማስቲካ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሳይ በርገር ከውዲ ጌልማን ጋር በቤቱ የማድቤት ጠረጴዛ ላይ መልኩን የቀየሰው የዚያ ዓመት ተርታ 407 ካርዶች ነበሩት። ካርዶቹ በየጊዜው በዙር በዙር የወጡ ሲሆን፥ ከ311 እስከ 407 ያሉት የመጨረሻው ዙር ገበያ የደረሰው በጋው አልፎ የልጆቹ ልብ ወደ አሜሪካ ፉትቦል ከዞረ በኋላ ነበርና፥ የፊተኛው ዙር ገና ከመደርደሪያው ያልወረደለት ባለሱቅ አዲሱን አላዝም አለ። በርገር ራሱ ኋላ እንደ ተናገረው፥ በመጋዘን ተከማችቶ የኖረውን ትርፍ በ1960 ዓ.ም. በቆሻሻ መጫኛ ጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጣለው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቁጥሩን ልብ ይበል። ማተሚያ ቤቱ በአንድ ታላቅ ወረቀት ላይ አሥር በአሥር አድርጎ 100 ካርድ ያወጣል፤ በመጨረሻው ዙር ያሉት ግን 97 ብቻ ናቸው። የተረፉትን ሦስት ቦታዎች ለመሙላት ቁጥር 311፥ 312ና 313 ሁለት ሁለት ጊዜ ታተሙ፤ እነርሱም ሚኪ ማንትል፥ ጃኪ ሮቢንሰንና ቦቢ ቶምሰን ናቸው። እንግዲህ በ2022 ዓ.ም. አንዷ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ያወጣችው የማንትል ካርድ፥ ስሙን ከዘመዶቹ በቀር ማንም ከማያስታውሰው ከአንድ የዙሩ ባልንጀራዋ እጥፍ ታትማ ነበር ማለት ነው! ዝነኛን የሚገዛው በማንትል ሲሻማ፥ ተርታውን የሚሞላው ከቀሩት ዘጠና አራት ጋር ይታገላል፤ በዚያ ዙር ያለ ስመ ጥፉ ተጫዋችም በመጀመሪያው ዙር ካሉት ዝነኞች ካንዳንዶቹ ይልቅ ያስከፍለዋል።

የዚሁ ተርታ ቁጥር 1 አንዲ ፓፍኮ ነው። ልጆቹ ካርዳቸውን በተራ ደርድረው በላስቲክ ያስሩ ስለ ነበር፥ ከላይ ሆኖ ላስቲኩ የበላው፥ ኪስ የፋቀው፥ ጣት ያቆሸሸው ዘወትር ፓፍኮ ሆነ። ብዙ ታትሟል፤ ጠርዙ ሳይጎዳ የተረፈው ግን ጥቂት ስለ ሆነ ንጹሑ ፓፍኮ ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ካርድን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ እየሰጠ በፕላስቲክ የሚያሽግ ድርጅት ተነሥቶ የዋጋው ሚዛን ወደ ማዕዘኖቹ ሹልነት አዘነበለ። ይሁን እንጂ ያ ድርጅት ከሁሉ አስቀድሞ ደረጃ የሰጣት የዋግነር ካርድ ጠርዟ ተቆርጦ የተስተካከለ መሆኑን የሸጣት ነጋዴ በ2013 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ሲያምን ብዙዎች አፈሩ።

«ቲ 206» የሚለውን ስም ያወጣው ጀፈርሰን ቡርዲክ የተባለ የሲራኪዩስ ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። የአሜሪካን ካርዶች ሁሉ በካታሎግ መዝግቦ ለየአንዳንዱ ዋጋ ሲተምን ለዋግነር የሰጣት 50 ዶላር ነበር። ከ300,000 የሚበልጡ ካርዶቹንና የሥዕል ወረቀቶቹን ለኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ሰጥቶ፥ የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቹን እያኮማተረበት ለብዙ ዓመታት በዚያ እየተቀመጠ በደብተር ላይ ለጠፋቸው፤ ሙጫ የነካው ካርድ በሐራጅ ዋጋው እንደሚወድቅ ግን የታወቀ ነው። የመጨረሻውን ለጥፎ የጨረሰው በ1963 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ሲሆን፥ በማርች አረፈ። የዋግነር ካርዱም በዚያው ቤተ መዘክር ናት፥ አትሸጥም።