ከግጥሙ ጀርባ ያለው ወሬ

«ተቀበል!» ይላል ጠጅ ቤት የገባው እንግዳ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ የተሰጠውን ግጥም ቃል በቃል ይመልሳል። እስከዚህ ድረስ ዘፈን ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ «ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያለው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ደጋን ጭን ላይ ያርፋል። ማን ማንን እንደሰደበ፣ የማን ርስት እንደተነጠቀ፣ ሙሾው ለየትኛው ሟች እንደወረደ ይተረካል።

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከአማኑኤል እስከ ቢቸናና ሞጣ ድረስ፣ ሁለት ስንኝ ያለ ምክንያቱ አይነገርም። ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ የቅኔ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩባቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ባሉበት አገር፣ ሰሙን የሰማ ሰው ወርቁን ሳይፈልግ አያድርም። ወርቁን ለማግኘት ደግሞ ነገሩ ሲሆን ያየ ወይም ካየ ሰው የሰማ ያስፈልጋል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ አዝማሪው ነው፤ ከሠርግ ሠርግ፣ ከገበያ ገበያ የሚዞረው እሱ ነውና።

ይህን ጠላትም አልሳተውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣልያኑ ማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ ከአንድ ወር በኋላ፣ ማርሻሉ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ። ትእዛዙ አዝማሪን የጠራበት የጣልያን ቃል «ካንታስቶሪዬ» ነው፤ ታሪክ ዘፋኝ ማለት ነው። ክሱም በሕዝቡ መካከል የጥፋት ወሬ ይነዛሉ የሚል ነበር። የተፈራው ዜማው ሳይሆን ወሬው ነው።

ለምሥራቅ ጎጃም ከወሬዎች ሁሉ የከበደው የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ነው። አምስቱን ዓመት ሙሉ ፋሽስትን የተዋጋ አርበኛ፣ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በገዛ መንግሥቱ ተሰቀለ። ቁጭቱን ስንኝ ይችለዋል። ስለ ሹመቱ ቅሬታ፣ ስለ እስሩ፣ ከእስር ቤት አምልጦ መልሶ ስለ መያዙ ለመናገር ግን ስንኝ አይበቃም፤ እዚህ ላይ አዝማሪ ተራኪ መሆን ግድ ይለዋል። ተራኪውም አንዱ ከሌላው አይገጥምም። አንዱ ነገሩን ከምቀኛ ይጀምራል፣ ሌላው ከሹመት፤ አድማጩም ዝም ብሎ አይሰማም፣ «አይደለም እንጂ!» እያለ ያርማል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። አዝማሪ ሲዘፍን ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ሲተርክ የሚለጥፍ የለም፤ ሁሉም ብርሌውን ይዞ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ኪስ የሚፈታው ደጋኑ ተመልሶ ከጭራው ላይ ሲያርፍ ነው።